የሚያድነንን ከርነል ለምን ደበቁት? በኡቡንቱ የአፕዴት አሠራር ላይ የቀረበ ሂስ

ሊኑክስ ከሚጠቀሙ ወጣቶች ጋር ስለ አፕዴት ካወራችሁ አንድ ታሪክ ደጋግሞ ይመጣል። ኮምፒውተሩ “አፕዴት አለ” ይላል፤ ባለቤቱም እሺ ይላል፤ ሪስታርት ሲያደርገው ግን ስክሪኑ ይጠቁራል ወይም ዋይፋዩ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ከሁለት አንዱ ይከተላል። ወይ ሁሉም ነገር ተጠርጎ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እንደገና ይጫናል፣ ወይ ደግሞ “ሁለተኛ አፕዴት የሚባል ነገር አልነካም” ተብሎ ይማላል።

የሚያናድደው ነገር ይሄ ነው፦ ትናንት ያለ ችግር ይሠራ የነበረው ከርነል በዚያችው ደቂቃ እዚያው ዲስክ ላይ፣ ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ተቀምጧል። አልጠፋም፣ አልተሰረዘም። ያለበትን የነገራቸው ሰው የለም እንጂ።

በእኔ አመለካከት የሊኑክስ የከርነል አፕዴት በምህንድስና ዓይን ሲታይ ግሩም ሥራ ነው፤ ለተጠቃሚው የሚቀርብበት መንገድ ግን ደካማ ነው። ለሂሱ ኡቡንቱን የመረጥኩት ከሌሎቹ ስለሚብስ አይደለም። ብዙ ጀማሪ ሊኑክስን የሚተዋወቀው በእሱ በኩል ስለሆነ፣ የእሱ ድክመት ብዙ ሰው ላይ ስለሚደርስ ነው።

ከርነሉና ቁጥሮቹ

ከርነል ማለት የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው። ብሮውዘራችሁ፣ የቪዲዮ ማጫወቻችሁ፣ ጌማችሁ ከሃርድዌሩ ጋር በቀጥታ አይነጋገሩም። ሜሞሪ ሲፈልጉ፣ ፋይል ሊከፍቱ ሲሉ፣ ኔትወርክ ሲያሻቸው ለከርነሉ ያመለክታሉ። የድሮ ቤተ መንግሥት አጋፋሪን አስቡት፦ ማን ይግባ፣ ማን ይጠብቅ፣ ማን ይመለስ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። አጋፋሪው ከተሳሳተ ደግሞ የማይገባው ሰው እልፍኝ ድረስ ይዘልቃል።

ይህን ከርነል እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ ነው። ዛሬ በ9 ወይም በ10 ሳምንት አንዴ አዲስ እትም ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አዳዲስ ሥራዎች ይገባሉ፤ ከዚያ በሩ ይዘጋና በየሳምንቱ የሙከራ እትም እየወጣ ስህተት ሲለቀም ይከርማል። ዋናው እትም ከወጣ በኋላ ደግሞ ግሬግ ክሮህ-ሃርትማንና ሳሻ ሌቪን የሚመሩት ሥራ ይቀጥላል፦ የተገኙትን ጥገናዎች እየሰበሰቡ 6.1.1፣ 6.1.2 እያሉ ማውጣት። ከእነዚህ መካከል ጥቂቶቹ “የረጅም ጊዜ” ተብለው ለዓመታት ይጠገናሉ።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ግምት እናርም። የመጀመሪያው ቁጥር ሲቀየር ትልቅ አብዮት የመጣ የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። 3.0 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን ምክንያቱ የሊኑክስ 20ኛ ዓመትና የ2.6 ተከታታይ ቁጥር ከልክ በላይ መርዘሙ ነበር። ከ5 ወደ 6 መሻገርም እንደዚያው ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ አዲስ መቁጠር ይጀመራል፣ አለቀ።

ምስጋና ለሚገባው

ሂስ ማለት ማጥላላት ብቻ ስላልሆነ በጎውን ላስቀድም። ኡቡንቱ አዲስ ከርነል ሲጭን አሮጌውን አይደመስስም። እያንዳንዱ ከርነል በራሱ ስም፣ ድራይቨሮቹም በራሳቸው ማህደር ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አፕዴቱ እየተጫነ መብራት ቢሄድ እንኳ የቀድሞው ከርነል ፋይሎች በአዲሱ አልተጻፈባቸውም። መብራት ሲመጣ በአሮጌው ተነስቶ የተቋረጠውን መጨረስ ብዙ ጊዜ ይቻላል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ለሚኖር ሰው የዚህ ንድፍ ዋጋ በቃል አይገለጽም።

ሁሉም የሊኑክስ ስርጭት እንደዚህ አይደለም። ፌዶራ በራሱ ልማድ ሦስት ከርነሎችን ያስቀምጣል። አርች ሊኑክስ ግን አዲሱን በአሮጌው ቦታ ይተካል። ስለዚህ አርች ላይ ከርነሉን አፕዴት አድርጋችሁ ሪስታርት ሳታደርጉ ፍላሽ ብትሰኩ ኮምፒውተሩ ላያውቀው ይችላል፤ እየሠራ ያለው ከርነል ድራይቨሩን ፈልጎ ወደ ማህደሩ ሲሄድ ማህደሩ ተነስቷልና። የአርች ሰዎች “ተጠቃሚያችን የሚያደርገውን ያውቃል” ይላሉ። ይሁን። ለጀማሪ ግን ኡቡንቱና ፌዶራ የመረጡት መንገድ ይበልጣል።

ሁለተኛው ምስጋና ለቶርቫልድስ ጥብቅ ሕግ ነው፦ የከርነል ለውጥ ከዚህ በፊት ይሠራ የነበረን ፕሮግራም መስበር የለበትም። የድሮ ፕሮግራማችሁ በአዲሱ ከርነል ካልሠራ ጥፋቱ የከርነሉ ነው ተብሎ ይወሰዳል። አዲስ ከርነል ላይ አሮጌ ፕሮግራም ያለ ስጋት የምንከፍተው በዚህ ሕግ ምክንያት ነው።

የማይናገር ስም

አሁን ወደ ወቀሳው። ኡቡንቱ 24.04 ላይ ተርሚናል ከፍታችሁ የከርነሉን ስም ብትጠይቁ ለምሳሌ 6.8.0-45 የሚል መልስ ታገኛላችሁ። ጀማሪ ይህን ሲያነብ “6.8.0 ማለት ምንም ጥገና ያልገባበት የመጀመሪያው እትም ነው” ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። እውነቱ ሌላ ነው። ያቺ ዜሮ አትንቀሳቀስም። ውስጡ የ6.8.5 ይሁን የ6.8.12 ጥገና ቢገባም ከላይ የሚታየው ያው 6.8.0 ነው። ለውጡን የሚነግራችሁ ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ብቻ ሲሆን እሱም የኡቡንቱ የራሱ ቆጠራ እንጂ ከዋናው ከርነል ቁጥር ጋር አይገናኝም።

ይሄ የስም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባላነሳሁት። ግን አንድ እውነተኛ ክስተት ላይ እናስቀምጠው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ማክስ ኬለርማን የተባለ ባለሙያ “ደርቲ ፓይፕ” የተሰኘውን ቀዳዳ ይፋ አደረገ። ነገሩ የጀመረው ከአንድ ዓመት በፊት በቀረበ ተራ አቤቱታ ነበር፦ የአንድ ደንበኛ የሎግ ፋይሎች እየተበላሹ አልከፈት አሉ። ሰውየው ፍንጩን ተከትሎ ሲወርድ ጥፋቱ ከርነሉ ውስጥ ተገኘ። ከ5.8 እትም ጀምሮ፣ አንድን ፋይል ለማንበብ ብቻ የተፈቀደለት ተጠቃሚ በዚያ ፋይል ላይ መጻፍ የሚችልበት ክፍተት ነበር። ወደ ምሳሌያችን ስንመለስ፣ አጋፋሪው ለተመልካች የብዕር ፈቃድ ሰጥቷል ማለት ነው። ተራ ተጠቃሚ በዚህ መንገድ የኮምፒውተሩ ሙሉ አዛዥ መሆን ይችላል።

ጥገናው በ5.16.11፣ በ5.15.25 እና በ5.10.102 ወጣ። እንግዲህ በወቅቱ ኡቡንቱ 21.10 የሚጠቀም ሰው ሁኑ። ከርነላችሁ 5.13.0 ነው የሚለው። 5.13 ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ የዋናው ከርነል ሰዎች እሱን መጠገን ካቆሙ ቆይተዋል። ታዲያ ተጋልጣችኋል ወይስ ድናችኋል? ኡቡንቱ ጥገናውን ራሱ ወደ 5.13 አምጥቶ አካቷል፤ ሥራውን ሠርቷል። ግን ከጥገናው በፊትም 5.13.0፣ ከጥገናውም በኋላ 5.13.0 ነው። ሰረዙን አልፎ ያለውን ቁጥር ከኡቡንቱ የደህንነት ማስታወቂያ ጋር ያላመሳከረ ሰው የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ለዚህ ቁጥር አያያዝ ምህንድስናዊ ምክንያት አለ፤ ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር የትኞቹ ድራይቨሮች ከየትኛው ከርነል ጋር እንደሚገጥሙ ለመለየት ያገለግላል። ምክንያቱን እቀበላለሁ። ያልገባኝ ነገር፣ ለማሽኑ የተሠራ መለያ ለምን ለሰው እንደ ብቸኛ መረጃ እንደሚሰጥ ነው። ሴቲንግ ውስጥ “ይህ ከርነል እስከዚህ ቀን ያሉ የደህንነት ጥገናዎችን ይዟል” የምትል አንዲት መስመር ብትጨመር ማን ይጎዳል?

የተደበቀው በር

ዋናው ቅሬታዬ ግን እዚህ ነው። አሮጌው ከርነል ዲስኩ ላይ አለ ብለናል። ወደ እሱ የሚወስደው በር ግራብ የሚባለው፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከርነሉን መርጦ የሚያስነሳው ፕሮግራም ነው። ኡቡንቱ ግን ኮምፒውተሩ ላይ ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከሌለ የግራብን ሜኑ ይደብቀዋል። ለማየት በትክክለኛዋ ቅጽበት ኤስኬፕን መንካት አለባችሁ፤ ቆየት ባሉ ኮምፒውተሮች ላይ ደግሞ ሺፍትን ተጭኖ መያዝ። ያውም ተጨንቃችሁ ኤስኬፕን ደጋግማችሁ ከመታችሁት ሜኑውን ያልፍና ባዶ የትእዛዝ መስመር ላይ ይጥላችኋል።

ሜኑውን አገኛችሁ እንበል። አሮጌው ከርነል እዚያም ፊት ለፊት አይታይም። “አድቫንስድ ኦፕሽንስ” ከሚል መስመር ጀርባ ነው ያለው፤ የላቁ አማራጮች እንደማለት። ጀማሪ ይህን ስም ሲያይ “ይሄ ለእኔ አይደለም” ብሎ ያልፋል። በጣም የሚያስፈልገው ሰው እንዳይገባበት የሚያስጠነቅቅ ስም መስጠት፣ የድንገተኛ ክፍል በር ላይ “ለሐኪሞች ብቻ” ብሎ እንደመለጠፍ ነው።

ለኡቡንቱ ፍትሐዊ ለመሆን፣ አንድ የጥንቃቄ ዘዴ አለው። ያለፈው መነሳት ካልተሳካ በሚቀጥለው ጊዜ ሜኑው ለ30 ሰከንድ ይታያል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን ሁለት ጉድለት አለው። አንደኛ፣ ሜኑው ቢታይም ቀድሞ የተመረጠው ያው አዲሱ፣ ያው የተበላሸው ከርነል ነው፤ ዝም ካላችሁት ተመልሶ እሱኑ ያስነሳል። ሁለተኛ፣ “ተሳካ” የሚባለው ሲስተሙ ከተነሳ ነው እንጂ እናንተ ስክሪን ላይ የሆነ ነገር ካያችሁ አይደለም። የግራፊክስ ድራይቨሩ ተበላሽቶ ስክሪኑ ቢጠቁር፣ ከጀርባ ሲስተሙ ተነስቶ “በሰላም ገባሁ” ብሎ ሊመዘግብ ይችላል። በጣም በሚያስፈልገን ጊዜ ሜኑው አሁንም ተደብቆ ይቀራል።

ይህ የማይፈታ ችግር ነው እንዳትሉ። ኪሳችሁ ውስጥ ያለውን ስልክ ተመልከቱ። አንድሮይድ ከርነሉ ሊኑክስ ነው። ከአንድሮይድ 7 ጀምሮ ሲስተሙን በሁለት ጥንድ ክፍል የማስቀመጥ አሠራር አለ፤ ይህን የሚጠቀም ስልክ አፕዴቱን ባልተያዘው ክፍል ላይ ይጭናል፣ አዲሱ ደጋግሞ መነሳት ካቃተው ስልኩ ማንንም ሳይጠይቅ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ዴስክቶፕ ሊኑክስ ላይም ቢሆን ሲስተምዲ-ቡት የተባለው አስነሺ ሙከራዎችን ቆጥሮ ወደ አሮጌው ከርነል የመመለስ ችሎታ አለው። ስለዚህ ዕውቀቱ አለ፤ የጎደለው ለጀማሪው ቅድሚያ መስጠት ነው።

ተጭኗል፣ ግን እየሠራ አይደለም

ኡቡንቱ የደህንነት ጥገናዎችን በራሱ አውርዶ ይጭናል፤ ይህ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ከርነል እንደ ብሮውዘር ዘግቶ መክፈት አይቻልም። አዲሱ ከርነል ዲስኩ ላይ ቢቀመጥም ሜሞሪ ውስጥ የሚሠራው አሮጌው ነው፤ ሪስታርት እስኪደረግ ድረስ። ኡቡንቱም በራሱ ሪስታርት አያደርግም፤ ሥራችሁን እንዳያቋርጥባችሁ።

ውጤቱን አስቡት። ላፕቶፑን ክዳኑን ብቻ እየዘጋ እያስተኛ ለሁለት ወር የሚጠቀም ተማሪ አለ። አፕዴቱ በሙሉ ተጭኖለታል፤ የአፕዴት መስኮቱም “ኮምፒውተርዎ ዘምኗል” ይለዋል። እየሠራ ያለው ግን የሁለት ወር አሮጌ ከርነል፣ ከነቀዳዳው ነው። “ሪስታርት ያስፈልጋል” የሚል ማስታወቂያ መምጣቱ አይቀርም፤ ግን የቀዳዳው ክብደት ምን ያህል እንደሆነ ስለማይናገር እንደማንኛውም ማስታወቂያ ተጠርጎ ይሄዳል። ደርቲ ፓይፕንና ተራ የድራይቨር ማሻሻያን በእኩል ድምፅ የሚያስታውቅ ሲስተም ተጠቃሚውን ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ያስተምረዋል።

ካኖኒካል የተባለው የኡቡንቱ ኩባንያ ለዚህ “ላይቭፓች” የሚባል አገልግሎት አለው፤ ሪስታርት ሳያስፈልግ አንዳንድ ከባድ ቀዳዳዎችን እየሠራ ባለው ከርነል ላይ ይደፍናል። ለግል ተጠቃሚ እስከ 5 ኮምፒውተር ነፃ ነው። ጠቃሚ ነው፤ ግን ሁሉንም ጥገና አይሸፍንም፣ ምዝገባም ይጠይቃል።

“የሚሠራ ነገር አይነካም” የሚለው ምክር

እስካሁን ስርጭቱን ነው የወቀስኩት። አሁን ደግሞ የእኛን የመካሪዎቹን ተራ። “ከርነሉን እገደው፤ አፕዴት አያስፈልግህም” የሚል ምክር በየዶርሙና በየላቦራቶሪው ይሰጣል። ምክሩ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ ስክሪኑ የጠቆረበት ሰው ነው የሚሰጠው። ዳታ በብር ለሚገዛ ሰው ደግሞ ከመቶ ሜጋባይት በላይ የሚሆን የከርነል አፕዴት በየጊዜው ማውረድ ቀልድ አይደለም።

ግን ዋጋውን እንይ። ከርነል የታገደበት ኮምፒውተር በየቀኑ እየተጋለጠ ይሄዳል፤ ቀዳዳው ይፋ ሲወጣ አጥቂውም አብሮ ያነበዋልና። “አደገኛውን ብቻ መርጬ እጭናለሁ” ማለትም አያዋጣም። ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የከርነሉ ቡድን ለደህንነት ቀዳዳዎች መለያ ቁጥር ራሱ ይሰጣል፤ ከርነል ውስጥ ያለ ስህተት ሁሉ ማለት ይቻላል የደህንነት ጉዳይ ሊሆን ይችላል የሚል አቋም ስላለው ቁጥሮቹ በጣም ብዙ ናቸው። ያንን ሁሉ አንብቦ የሚመርጥ ተማሪ የለም።

በሌላ በኩል “ሁልጊዜ አዲሱን፣ በወጣበት ሰዓት” የሚሉትም ጥግ ይዘዋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 መጀመሪያ የሆነውን እንይ። የረጅም ጊዜ ከሚባሉት አንዱ የሆነው የ6.1 ከርነል 6.1.64 እትም ኤክስት4 በተባለው፣ ብዙ ሊኑክስ ኮምፒውተሮች ፋይል በሚያስቀምጡበት ሥርዓት ላይ መረጃ ሊያበላሽ የሚችል ስህተት ይዞ ተገኘ። ምክንያቱ ትምህርት ሰጪ ነው፦ ከአዲሱ ከርነል አንድ ጥገና ወደ አሮጌው ሲመጣ፣ እሱ የሚደገፍበት ሌላ ለውጥ አብሮ አልመጣም። ጥገናው በተወለደበት እትም ትክክል ነበር፤ ብቻውን ሲሰደድ ግን ጥፋት ሆነ። ዴቢያን በዚያው ሰሞን ሊያወጣ የነበረውን 12.3 አዘገየና ተጠቃሚዎቹን አስጠነቀቀ፤ በታኅሣሥ 10 ደግሞ የተስተካከለውን ከርነል የያዘውን 12.4 አወጣ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። “የረጅም ጊዜ” ማለት “የማይሳሳት” ማለት አይደለም። በሌላ በኩል ስህተቱ በቀናት ውስጥ ተገኝቶ ተስተካክሏል፤ ሥርዓቱ ራሱን ያርማል። በዚያ መሃል የተጠቃሚው መዳኛ ወደ ቀድሞው ከርነል መመለስ መቻሉ ነበር። ዞሮ ዞሮ ወደዚያው ወደ ተደበቀው በር እንመለሳለን።

ከአፕዴት በኋላ ዋይፋይ ወይም ግራፊክስ ሲጠፋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከርነሉ ውስጥ ካሉት ድራይቨሮች አይደለም፤ እንደ ኤንቪዲያ ካሉ ከውጭ ከሚመጡት ነው። የቶርቫልድስ ሕግ የሚጠብቀው ተራ ፕሮግራሞችን እንጂ ድራይቨሮችን አይደለም፤ የከርነሉ የውስጥ አሠራር በየእትሙ ሊቀየር ይችላል። ስለዚህ የውጭ ድራይቨር ለእያንዳንዱ አዲስ ከርነል እንደገና መገንባት አለበት፤ ግንባታው ሲከሽፍ መልእክቱ በተርሚናል ጽሑፍ ጎርፍ መሃል ያልፋል። አፕዴቱ ግን “ጨርሻለሁ” ብሎ ይዘጋል። ይሄም ሌላው ዝምታ ነው።

እስከዚያው ምን ይደረግ?

ሲስተሙን የሚነድፉት እስኪሰሙ ድረስ የምንችለውን እናድርግ። መጀመሪያ፣ ምንም ችግር በሌለበት ቀን የግራብን ሜኑ አንድ ጊዜ ክፈቱት። ከ“አድቫንስድ ኦፕሽንስ” ውስጥ ገብታችሁ ሁለተኛውን ከርነል አስነሱ፤ ምንም አይጎዳም። መንገዱን በሰላም ጊዜ ያየ ሰው በጭንቅ ጊዜ አይጠፋበትም።

ከአፕዴት በኋላ ሪስታርት አድርጉና ‘ዩኔም’ በተባለው ትእዛዝ የትኛው ከርነል እየሠራ እንደሆነ አረጋግጡ። ድምፅ፣ ዋይፋይ፣ ማስተኛት፣ ፕሮጀክተር፦ የምትጠቀሙባቸውን ሞክሩ። አሮጌዎቹን ለማጽዳት አትቸኩሉ፤ ኡቡንቱ ራሱ ትርፎቹን ብቻ ለይቶ ያነሳል። ዲስካችሁን ኢንክሪፕት አድርጋችሁ ከሆነ ግን ከርነሎቹ የሚቀመጡበት ክፍል ጠባብ ስለሚሆን እንዳይሞላ አልፎ አልፎ ተመልከቱት።

አዲሱ ከተበላሸ በአሮጌው ተነሱና ሥራችሁን ቀጥሉ፤ የሚቀጥለው ጥገና ሲመጣ እንደገና ሞክሩ። ከርነሉን ማገድ የግድ ከሆነ የምታነሱበትን ቀን ካሌንደር ላይ ጻፉ፤ የተረሳ እገዳ ከተበላሸ አፕዴት ይብሳል። ፋይሎቻችሁን ደግሞ ሌላ ቦታ ላይ ቅዱ። ከርነል መመለስ የተበላሸ ፋይልን አይመልስም።

ኡቡንቱን ለሚሠሩት ደግሞ ጥያቄዬ አጭር ነው። አዲሱ ከርነል ሁለት ጊዜ መነሳት ካቃተው ወደ ቀድሞው ይመለስ። ሜኑው ላይ “በቀድሞው ከርነል ጀምር” የሚል መስመር ፊት ለፊት ይቀመጥ። እየሠራ ያለው ከርነል ከተጫነው ሲለይ፣ ምን ቀዳዳ ክፍት እንደሆነ በሰው ቋንቋ ይነገረን። አንዱም አዲስ ግኝት አይጠይቅም። አሮጌውን ከርነል በጥንቃቄ ማኖር የቻለ ምህንድስና፣ የት እንዳለ መንገር ሊያቅተው አይገባም።